ያልተቆጠረ ጉርሻ

የድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ ውጤት የሚያሳውቀው በስልክ ነው። በአካል የሚጠራው ውጤቱ ሰው ያስለቅሳል ተብሎ ሲገመት ብቻ ነው፤ ስልክ ላይ የሚያለቅስ ሰው መስመር ይይዛል። መክሊት ይህን አታውቅም ነበር። መጠራቷን እንደ ጥሩ ምልክት ቆጠረችው፤ የአራት ዓመት ልጇን ያፌትን አዘለችና ከኮንዶሚኒየሙ ወደ ኮምቦልቻ መሃል በሚወርደው ባቡር ሄደች።

አቶ ኃይለልዑል በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የቀረ ብቸኛ ሰው ነው። ሥራው የተወሰነውን ማንበብና ሶፍት ማቀበል ነው። ሶፍቱን ገና ከመቀመጧ ወደ እሷ ገፋው።

«ደስ ይበልዎት» አላት። «ልጅዎ ምንም ድጋፍ አያስፈልገውም።»

መክሊት ጭኗ ላይ የተቀመጠውን ልጅ አየችው። ያፌት የጠረጴዛውን ጠርዝ ሊይዝ እጁን ልኮ ነበር፤ እጁ ግን መንገድ ቀይሮ ወደ ጆሮው ወጥቷል። ከተወለደ ጀምሮ እጆቹ አይታዘዙለትም። እግሮቹም አይሸከሙትም፤ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይሄዳል። ንግግሩ የሚገባው ለለመደው ሰው ብቻ ነው። ጭንቅላቱ ምንም አልጎደለውም፤ አሁንም የአቶ ኃይለልዑልን ፂም በጥሞና እየመረመረ ነበር።

«የማንን ልጅ ውጤት ነው ያነበቡልኝ?»

«የእርስዎን። መብላት፣ ችግር የለም። መናገር፣ ችግር የለም። ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስ፣ ችግር የለም።»

«በገዛ እጁ ጎርሶ አያውቅም እኮ!»

«ማን ያበላዋል?»

«የማያበላው ማን አለ? እኔ አጎርሰዋለሁ፣ ጎረቤት ያጎርሰዋል፣ ደረጃ ላይ ያገኘው ሁሉ ያጎርሰዋል።»

«በቃ እሱ ነው» አለ አቶ ኃይለልዑል። «ጉርሻ አይቆጠርም።»

ነገሩን አገር ያውቀዋል፤ መክሊት ግን በራሷ ላይ እስኪደርስ አስባበት አታውቅም። ታዛቢ ማሽኖቹ በየቤቱ ጣሪያና በየኮሪደሩ በተሰቀሉበት በመጀመሪያው ዓመት፣ የአገሩ ሕፃናት ከሞላ ጎደል በሙሉ በራሳቸው መብላት የማይችሉ ሆነው ተመዘገቡ። ሽማግሌዎችም እንደዚያው። ሠርጋቸው ላይ የነበሩ ሙሽሮች ሳይቀሩ አስቸኳይ ድጋፍ ይሻሉ ተባለ። ከዚያ ባለሙያዎች ተሰብስበው ታዛቢውን አረሙት። ጉርሻ ባህል ነው እንጂ ድጋፍ አይደለም። ማዘልም ባህል ነው። ልጅ የጀመረውን ቃል ትልቅ ሰው ቢጨርስለት ያው ባህል ነው። እርማቱ በዜና ተወደሰ፤ ማሽኑ አገሩን ለመደ ተባለ።

«ታዲያ ሁልጊዜ የሚጎርስ ልጅ ምን ይባላል?» አለች መክሊት።

አቶ ኃይለልዑል ዓይኑን ወደ ታች አወረደ። «እጅግ የተወደደ። እንዲህ ነው የሚለው።»

«ድጋፍ ካልተመደበለት አፀደ ሕፃናት አይቀበለውም።»

«አይቀበለውም።»

«ከዚያስ?»

«የቤት መስመር አለ። እቤቱ ሆኖ ከግድግዳው ስክሪን ይማራል።»

መክሊት ሶፍት አላነሳችም። አቶ ኃይለልዑል ትንሽ ጠበቃት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ንግግር የሚቀዳውን ቀዳዳ በመዳፉ ከደነ።

«ስሚ» አለ፣ አንቱታውን ትቶ። «ድጋሚ ምዘና አንዴ ይፈቀዳል። የታዛቢው መብራት ሰማያዊ ከሆነ ጀምሮ ማንም አይንካው። ማንም አያጉርሰው፣ አያንሳው፣ ቃል አይጨርስለት። ስለ ምዘናውም እቤት ውስጥ ትንፍሽ እንዳትሉ፤ ከተወራ ይሰረዛል።»

«ለልጁስ ምን ልበለው?»

«ለልጁማ ጭራሽ። ልጅ ያወራል።»

የብሎኩ ዕድር እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ይሰበሰባል። ግቢው ላይ ታዛቢ የለም። ሊቀመንበሩ ጋሼ እሸቱ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ መኪኖቹ ያለ ሰው መሄድ ከጀመሩ ወዲህ ጉልበታቸውን ለዕድሩ አውለውታል። የወንበርና የብረት ድስት ጉዳይ ካለቀ በኋላ መክሊት እጇን አወጣች።

«ስለ ያፌት ነው» አለች።

«ምን ሆነ ልጁ?» አሉ እትዬ ዘምዘም፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። የመክሊት የግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ ያፌት የመጀመሪያ ቁርሱን የሚበላው ከእሳቸው እጅ ነው።

«ምንም አልሆነም። እንዳትረዱት ልጠይቃችሁ ነው።»

«ድጋሚ ትናገር፣ አልተሰማም» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ተሰምቶ ነበር።

መክሊት አስረዳች። ከቤቷ ሆና የፋብሪካ ሽመና ማሽኖች የምትቆጣጠር ሴት ናት፤ ብልሽት ሪፖርት እንደምታደርገው አድርጋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። ጉርሻው እንደማይቆጠር ስትናገር ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ያኔ ሲሳቅ የነበረ ነገር ነው፤ ሙሽሮቹን አስታውሰው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» አሉ እትዬ ዘምዘም። «እሱ በሬ ላይ ተቀምጦ ዓይን ዓይኔን እያየኝ ምግብ ሊወርድልኝ ነው?»

«በሩን ይዝጉታ።»

«በሬን?» ዘወር ብለው ሰዉን አዩ። «ባሌ የሞተ ቀን እንኳ አልተዘጋም እኮ! ምን ትላለች ይህቺ?»

ጋሼ እሸቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ ዕድር የቆመው የወደቀ ለማንሳት ነው። የወደቀ ወድቆ ይቆይ ብለን ድምፅ ሰጥተን አናውቅም።»

«ኧረ ጋሼ፣ ዕድሩ የቆመውማ ለቀብር ነው» አለ ያው ከኋላ ያለው ሰው፣ እንደ መቀለድ ብሎ።

«እህሳ፣ ይኸው ቀብር!» አሉ እትዬ ዘምዘም።

«ካልሆነ የቤት መስመር ይገባል» አለች መክሊት።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ የቤት መስመር ልጅ አለ። ሁሉም ያውቁታል፤ ማለትም ድምፁን ያውቁታል። ጠዋት ጠዋት ለግድግዳው «አቤት» ሲል ይሰማል። ሲጀምር ድምፁ ቀጭን ነበር። አሁን ጎርንኗል። የቤት መስመር ገብቶ የወጣ ልጅ መኖሩን የሰማ ሰው የለም።

ጋሼ እሸቱ ድምፅ ይሰጥ አሉ። እጆች ወጡ፤ መጀመሪያ ወጣቶቹ፣ ቀጥሎ እናቶቹ። እትዬ ዘምዘም መጨረሻ ላይ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ድረስ አነሱ፤ ከዚያ በላይ አልወጣም። አንድ ሰው ያጎረሰ ይቀጣ የሚል ሐሳብ አቀረበ።

«ተወው» አሉ ጋሼ እሸቱ። «ለዚህ ቅጣት አያስፈልገውም።»

መብራቱ ሰማያዊ የሆነ ዕለት ያፌት እንደ ልማዱ ከእንቅልፉ ተነስቶ እየተንፏቀቀ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። የእሱ ጠዋት የታወቀ ነው። እትዬ ዘምዘም በር ላይ ደርሶ አፉን ይከፍታል፤ ቅንጬ ይጎርሳል። ቀጥሎ ያለው በር እንቁላል አለው። ከዚያ ወዲያ ያለው ምን እንደሚሰጥ አይታወቅም፤ ያፌት ይህን በር በጣም ይወደዋል። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ጋሼ እሸቱ ዱካ ላይ ተቀምጠው ወደ ሐረጎ ተራራ የሚወጡትን ሾፌር አልባ መኪኖች ይሳደባሉ። እዚያ ሲደርስ ጠግቧል፤ የቀረው ወሬ ነው።

የእትዬ ዘምዘም በር ዝግ ነበር። ያፌት ዝግ በር አንኳኩቶ አያውቅም። በክርኑ መታው።

«እትዬ።»

በክርኑ ደገመው።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ።»

«የሉም» አሉ እትዬ ዘምዘም ከውስጥ።

ያፌት አሰበ። «አለሽ እኮ» አለ።

ወደሚቀጥለው ተንፏቀቀ። ሁለተኛው በር ዝግ ነው። ምን እንደሚሰጥ የማይታወቀውም ዝግ ነው። ጋሼ እሸቱ ግን ዱካቸው ላይ ነበሩ፤ ከቤት ገብቶ መቀመጥ አልሆነላቸውም። ያፌት እግራቸው ሥር ደረሰና ስለ መኪኖቹ አንድ ነገር ጠየቀ። ሌላ ጊዜ ግማሹን ሳይጨርስ ይመልሱለታል።

«አልገባኝም» አሉ ጋሼ እሸቱ፣ ተራራውን እያዩ።

ደገመላቸው።

«አልገባኝም ልጄ።»

ያፌት ሳቀ። ጨዋታ መስሎታል። ቃሉን ሰባብሮ፣ አጣሞ፣ እያቀያየረ ደገመው፤ እሳቸውም በየተራው አልገባኝም አሉ። ቆይቶ ቀና ብሎ ፊታቸውን አየና ሳቁን አቆመ። ታዛቢው ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ሆኖ የሚፈለገውን ሁሉ ሰምቷል።

ለምሳ መክሊት ሳህን ፊቱ አስቀመጠችና ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከተተቻቸው። ምስር ወጥ ነበር። ያፌት አፉን ከፍቶ ጠበቀ። አፉ እስኪደክመው ጠበቀ፤ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። ምናልባት አላየችኝም ብሎ አንገቱን ወደ እሷ አስጠጋ። እሷ ማሽኖቿ የሚታዩበትን ግድግዳ አየች፤ ማሽን አስራ ሰባት ላይ ክር ተበጥሶ ነበር፣ አልነካችውም። በስተመጨረሻ ያፌት ራሱ እጁን ላከ። እጁ ሳህኑን መታ፣ ምስሩ ግድግዳ ላይ ተረጨ። ሁለተኛ ሲልከው ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሳህኑ ዝቅ አደረገ። ቀና ሲል አፍንጫውና ቅንድቡ ቀይ ነበር፤ ወደ አፉ የገባው ግን ጥቂት ነው።

«አጠፋሁ?» አለ።

መክሊት ወደ ጣሪያው ላለማየት ተጠነቀቀች።

«ብላ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ብላ አልኩህ።»

ያፌት ነገር የሚያበስል ልጅ ነው። ለብዙ ጊዜ ካሰበ በኋላ ማጥፋቱን ደመደመ። ምን እንዳጠፋ ማንም አልነገረውም፤ ስለዚህ ለሁሉም ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት። «ይቅርታ» ለእሱ ከባድ ቃል ነው። በማግስቱ ጠዋት አልጋው ውስጥ ሆኖ ሲለማመደው መክሊት ሰማችው። ከዚያ ወጣና በር በር ያዘ። በእያንዳንዱ በር ላይ ተቀምጦ ቃሉን በመከራ አወጣው፤ መልስ ጠበቀ፤ ወደሚቀጥለው ተንፏቀቀ። ከያንዳንዱ በር ጀርባ ሰው ቆሞ ነበር። እትዬ ዘምዘም ራዲዮናቸውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

«ይቅርታ እትዬ፣ አልደግምም» አለ ያፌት ለራዲዮው።

መክሊት በሯ ላይ ቆማ ሰምታለች። ሄዳ ልታነሳው አንድ እግሯን ወደ ኮሪደሩ አስገባች፤ መብራቱን አየች፤ እግሯን መለሰች። ተመልሳ ሥራዋ ላይ ተቀመጠችና ማሽኖቹን አንድ በአንድ አስተካከለች። ያን ዕለት ምንም ክር አልተበጠሰም።

ምዘናው ሊያልቅ ሲል ያፌት ወደ ኮሪደሩ መውጣት ተወ። ሳህኑ ሲቀርብለት ያለ ጥያቄ ፊቱን ያስጠጋል፤ የቻለውን ይበላል፤ ያልቻለውን ይተወዋል። ወፍራም ጉንጮቹ ገቡ። ቁምጣው ገመድ አስፈለገው። መናገርም ቀነሰ፤ ማንም ስላልገባው ሳይሆን አይቀርም።

ውጤቱ በስልክ መጣ።

«ሙሉ ድጋፍ» አለ ድምፁ። «የሰው ረዳት ይመደብለታል።» ለሌላው ልጅ የሚመደበው የብረት ክንድ ያለው ጠረጴዛ ነው፤ ሰው የሚመደበው ምንም ለማይችል ብቻ ነው። መክሊት ስልኩን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና «ሆነ!» ብላ ጮኸች። ቀን ነበር፤ በሮቹ ባንድ ጊዜ ተከፈቱ። ሰው እልል አለ። ጋሼ እሸቱ ዱካቸውን ገልብጠው እንደ ከበሮ መቱት። የሁለቱ አጎራባች ብሎኮች ነዋሪዎች ሰው ሞተ ወይስ ተዳረ ብለው በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

እትዬ ዘምዘም ቅንጬውን ቀድመው አሙቀውት ነበር። ሮጠው መጡና ያፌት ፊት ተንበረከኩ።

«ሀ በል የኔ ዓለም። ሀ በል የኔ ጌታ። አትቀየመኝ፣ ወላሂ ታምሜ ነው የከረምኩት።»

ያፌት አልተቀየማቸውም። ፈገግ ብሎላቸዋል፤ ጉንጩን ሲስሙትም ፈቀደላቸው። እጃቸው ወደ አፉ ሲጠጋ ግን ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን አዞረ።

«ራሴ» አለ።

«አንዲት ብቻ።»

«አላጠፋም» አለ ያፌት።

እትዬ ዘምዘም ቅንጬውን በጣታቸው እንደያዙ ቀሩ። ሰዉ ኩርፊያ ነው አለ። ልጅ ነው፣ ነገ ይረሳዋል አለ። ነገም፣ ከዚያም ወዲያ፣ እያንዳንዱ በር እጁን ዘርግቶ ሞከረ። ያፌት ሁሉንም በትሕትና እምቢ አለ። ሊያዝሉት ሲያጎነብሱ ወደ ኋላ ይንፏቀቃል። መክሊትንም እንደዚያው። በሌሊት ልብሱ ተጠላልፎበት ሲታገል አይታ ልትፈታለት ብትጠጋ፣ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደነገጠ።

የአፀደ ሕፃናቱ ረዳት ሙና ትባላለች። ትምህርቷን የጨረሰችው በቅርቡ ነው፤ ያፌት የምትረዳው የመጀመሪያ ልጅ ነው። እጇ ላይ የታሰረው አምባር የምታደርግለትን እያንዳንዱን ነገር ይቆጥራል። ሁለተኛውን ሳምንት ሳይጨርሱ ለመክሊት ደወለች።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና መምጣት ትችያለሽ? በምሳ ሰዓት ነይ።»

መክሊት ስትደርስ ልጆቹ በልተው ጨርሰው ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የቀረው ያፌት ብቻ ነው። ፊቱ ሳህኑ ላይ ነበር። ሙና አጠገቡ፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«እንዲህ ነን» አለች ሙና፣ ብድግ ብላ። «ሳቀርብለት አፉን ይዘጋል። ላነሳው ስል ይደነግጣል። ልጆቹ እንኳ ሊያጎርሱት ሞክረዋል፣ የሚገርሙ ልጆች ናቸው። እምቢ። አምባሬ እስካሁን አንድ አልቆጠረም።»

«ካልቆጠረ ምን ይሆናል?»

«ያልተነካ ድጋፍ ወደ ሌላ ልጅ ይዛወራል። አርብ ይዘጋል። እኔ ባይቆጠርም ዝም ብዬ ብቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያነሱኛል። እሱም ወደ ቤት ነው የሚመለሰው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ወደ ግድግዳው ማለቴ ነው።»

«እዚህ ታዛቢ አለ?»

«የለም። ከአምባሬ በቀር ምንም የለም፤ እሱ ደግሞ ወሬ አይሰማም።»

መክሊት ልጇ አጠገብ ተንበረከከች። ፊቱን ልትጠርግለት ሶፍት አነሳች፤ ሲሸሽ አይታ አስቀመጠችው። ከዚያ መብራቱ ሰማያዊ ከሆነ ጀምሮ መናገር ያልቻለችውን ነገረችው። አላስዋበችውም፤ ለማሳመር ጊዜ የላትም።

«ያፌት፣ ስማኝ። አንተ ምንም አላጠፋህም። እኔ ነኝ። አትርዱት ብዬ ለሁሉም የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሙናን እንዲሰጡን ብዬ ነው። አንተ ምንም አላጠፋህም።»

ያፌት አያት። ከቅንድቡ ላይ ሽሮ ወደ ጉንጩ ወረደ።

«ለእትዬም?» አለ።

«ለእትዬም።»

«ለጋሼም?»

«ለጋሼም። ለሁሉም።»

«እሺ አሉሽ?»

«አዎ፣ እሺ አሉኝ።»

ሙና ያፌት የሚለው ስላልገባት ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች ፈገግ ትላለች። ውጭ አንድ ልጅ ወድቆ ማልቀስ ጀመረ፤ ሌሎቹ ተሯሩጠው አነሱት። ያፌት ያን እስኪያልቅ በመስኮቱ አየ። ከዚያ አፉን አዘጋጀና ረጅም የሆነበትን ጥያቄ አንድ አንድ ቃል እያደረገ አወጣው።

«ለምን እሺ አሉ?»

መክሊት የምትመልሰው ነገር ፈለገች። የቤት መስመር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ምዘና፣ ድምፅ የሰጡ እጆች። ሁሉም እውነት ነበሩ። አንዱም ለእሱ ጥያቄ መልስ አልነበረም። ያፌት ይጠብቃል፤ መጠበቅ የሚችል ልጅ ነው።

«ምን አለ?» አለች ሙና።

መክሊት ቀና አለች። ይህን ልጅ ለማያውቀው ሰው ሁሉ እስካሁን የተረጎመችለት እሷ ናት። አንድም ቀን ቃሉን ቀይራ አታውቅም።

«ውሃ ስጪኝ ነው የሚልሽ» አለች።

ሙና ፊቷ በራ። ተሯሩጣ ኩባያ ሞልታ መጣች፤ አጎንብሳ በአንድ እጇ የያፌትን ማጅራት ደገፈች፤ ኩባያውን ወደ ከንፈሩ አስጠጋች። ያፌት አልሸሸም። ኩባያውንም ሙናንም አላየም። እናቱን እያየ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል፣ አፉን ከፈተና ያልጠየቀውን ውሃ እስከ መጨረሻው ጠጣ።

አምባሩ ጮኸ።

«ኡፍ! ተቆጠረልን» አለች ሙና።